በ1995 ጣናን ማን አጎደለው?

በሰኔ 1995 የጣና ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1784 ሜትር ተኩል ግድም ላይ ነበር። ቁጥሩ ለብዙ ሰው ምንም አይነግርም። እንዲህ ብንለው ይሻላል፦ የውሃው ከፍታ በመደበኛነት መመዝገብ ከጀመረበት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሐይቁ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም ነበር። የጣና መርከቦች በደህና ለመሄድ ቢያንስ 1784.75 ሜትር ይፈልጋሉ። ውሃው ከዚያ በታች ወረደ። መርከቦቹም ለወራት ቆሙ። ደቅ ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ከመርከብ ሌላ ያለው ታንኳና ትንሽ ጀልባ ብቻ ነው።

ያ ዓመት ሲነሳ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ “ዝናብ ጠፋ፣ ምን ይደረግ” ይላል። ሌላው “ለመብራት ብለው በሩን ከፍተው ጨረሱት” ይላል፤ በሩ የሚሉት አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራውን የግድብ በር ነው። ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ነው። ቡና ላይ ከተነሳ ደግሞ ማንም አይሸነፍም። እኔ ግን ጥያቄው በክርክር ሳይሆን በሒሳብ የሚፈታ ይመስለኛል። ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥልቀት የሌለው ሐይቅ

ጣና ትልቅ ነው። ጥልቅ ግን አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፤ አማካዩ ከ8 እስከ 9 ሜትር። ሻላን ብንወስድ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ስፋቱ ግን የጣናን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ጣና ማለት እንግዲህ ውሃ የሞላ ትሪ ነው። ትንሽ ሲጎድል ጠርዙ ላይ ሰፊ ቦታ ይራቆታል።

ይህ ነገር ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚያይ ብዙም አይገባም። እዚህ ውሃው ግማሽ ሜትር ቢወርድ ድንጋይ ብቅ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ጭቃ ይታያል፣ በቃ። ነገሩ የሚከብደው በምሥራቅና በሰሜን ነው። የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ወደ ሐይቁ የሚገባው በጣም በዝግታ እየዘቀዘቀ ነው። እዚያ ግማሽ ሜትር ወረደ ማለት የውሃው ዳር ከነበረበት ርቆ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የሐይቁን መጉደል የባሕር ዳር ሰውና የፎገራ ሰው እኩል አያዩትም። ክርክሩ የማያልቀው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ሐይቁ እንዴት እዚህ እንደመጣም መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም በሩ የተሠራው እዚያው ሐይቁን የፈጠረው ዐለት አጠገብ ነው። ጣና የተኛበት ጎድጓዳ መሬት ሦስት ስምጥ ሸለቆዎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። በኋላ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዐለት ወደ ደቡብ ፈስሶ የጥንቱን የአባይ መውጫ ሞላው። ዐለቱ ሲቀዘቅዝ ባዛልት ሆነ፣ ውሃውም ከኋላው ተጠራቀመ። ጢስ አባይ ላይ ውሃው የሚወርድበት ገደልም የዚያ ዐለት ጫፍ ነው። በአጭሩ ጣናን የገደበው መጀመሪያ ሰው አይደለም።

ሐይቁ ከዚህ የባሰም አይቷል። ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል እንደሚያሳየው ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። መሐሉ ላይ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት የውሃ ዳር ተክል፣ የበቀለበት ረግረግ ሆኖ ነበር። እንደገና ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ያደረገው አየሩ ነው። “ዝናብ ጠፋ” የሚለው ወገን ይህን ማስረጃ ቢያነሳ መብቱ ነው።

በሩ

እስከ 1988 ድረስ ከጣና ወደ አባይ የሚወጣውን ውሃ የሚወስነው መውጫው ላይ ያለው የዐለት ደፍ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ ከደፉ በላይ ያለው ውሃ ይወፍራል፣ ብዙ ይፈስሳል። በጋ እየገፋ ሲሄድ ሐይቁ ይወርዳል፣ የሚወጣውም ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ወደ አባይ የሚሄደው በጣም ትንሽ ነበር። ሐይቁ በወረደ ቁጥር የሚያጣው ይቀንስለታል። ማንም ሳያዝዘው ራሱን ይቆጥባል።

ኤሌክትሪክ ማመንጫ ግን እንዲህ ዓይነት ውሃ አይመቸውም። ተርባይን በመስከረም ጎርፍ፣ በግንቦት ጠብታ አይወድም። ዓመቱን ሙሉ እኩል ይፈልጋል። ስለዚህ በ1988 ባሕር ዳር ላይ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ፣ በሮች ያሉት ግድብ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው። በ1993 አምስት ተጨመረለትና ሰባት ሆነ። ሐሳቡ ሐይቁን በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል እያጫወቱ፣ የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ማከፋፈል ነው። በዚህ ስሌት በሰከንድ 110 ሜትር ኩብ ውሃ ሳይቋረጥ ማለት ይቻላል ለጢስ አባይ ይደርሳል።

ልብ በሉ፣ የታችኛው ጠርዝ 1784 ላይ ነው። መርከቡ ግን 1784.75 ይፈልጋል። በሩ እንዲሠራ የተፈቀደለት ከፍታ መርከቡ ከሚቆምበት 75 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ግጭቱ ከድርቁ በፊት ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አምስቱ በሮች የተጨመሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1956 የተከፈተው የመጀመሪያው የጢስ አባይ ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር የሚያመነጨው። በ1993 ሁለተኛው ተጨመረ፣ 73 ሜጋ ዋት ገደማ። የውሃ ፍላጎቱም በዚያው ልክ ዘለለ። በዓመቱ ድርቅ መጣ።

የ1994 ክረምት በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ደካማ ነበር። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ የሆነበት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ድርቁ የመታው ጣናን ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹን የኃይል ማመንጫ ግድቦችም ነው። እነሱ ውሃ ሲያጥራቸው ሸክሙ ውሃ ወዳለበት ዞረ። ጣና ላይ ገና ውሃ ነበር። ስለዚህ ሐይቁ በጣም መቆጠብ በነበረበት ዓመት በጣም ተቀዳ። ይህን ክፋት አልለውም። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋት ነበር፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አልነበረም። ችግሩ ውሳኔው ሲመዘን የፎገራ ደንገልና የደቅ መርከብ ሚዛኑ ላይ አልወጡም።

ሒሳቡ

አሁን ካልኩሌተሩን እናውጣ። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ ሁሉንም ነገር የምትፈታው እሷ ናት።

ከፀሐይ እንጀምር። ከጣና በዓመት በትነት የሚሄደው 1.6 ሜትር ግድም ነው። ሲባዛ ከ4.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በአባይ በኩል የሚወጣው ደግሞ በአማካይ ከ3.7 እስከ 3.8 ቢሊዮን ነው። አዎ፣ ከጣና ውሃ ብዙውን የምትወስደው ፀሐይ ናት፣ አባይ ሁለተኛ ነው። በመስከረምና በሰኔ መካከል ሐይቁ ድሮም ቢሆን ሜትር ተኩል ያህል ይወርድ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማው ወደ ሰማይ የሄደ ነው። ስለዚህ “በሩን ከፍተው ጨረሱት” የሚለው ወገን ሁሉንም በበሩ ላይ ከጫነ ተሳስቷል።

ገቢው ከሁለት ቦታ ነው። ራሱ ሐይቁ ላይ የሚዘንበው አለ፣ በዓመት 1.3 ሜትር አካባቢ። ከዚያ ወንዞቹ አሉ። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አራቱ ብቻ ከወንዝ የሚገባውን ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ። ክረምቱ አንድ አምስተኛ ጎደለ ብለን እናስብ። ለምሳሌ ያህል ነው። ሐይቁ ላይ የሚዘንበው በ26 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ወንዞቹ በተለመደው ዓመት 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ቢያመጡ፣ አንድ አምስተኛው አንድ ቢሊዮን ነው፣ ሌላ 33 ሳንቲ ሜትር። ድምሩ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ድርቅ ብቻውን ይህን ያህል ማጉደል ይችላል። ትንሽ አይደለም።

አሁን በሩ። በሩ ባይኖር ኖሮ እንደዚያ ባለ ደረቅ ዓመት ከየካቲት እስከ ሰኔ የሚወጣው ውሃ በአማካይ በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ይሆን ነበር እንበል። በሩ ግን 110 ሲለቅ ከረመ ብለን እንያዝ። ልዩነቱ 80 ነው። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። ለ150 ቀን ሲባዛ አንድ ቢሊዮን ከ37 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ለ30 ሚሊዮን ሲካፈል 34 ተኩል ሳንቲ ሜትር።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መርከቡ የሚፈልገው 1784.75 ነበር። ሐይቁ የደረሰው 1784.5 አካባቢ ነው። ጉድለቱ ሩብ ሜትር ግድም። ለበሩ የቆጠርነው 34 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የያዝናቸው ቁጥሮች ለማሳያ የተወሰዱ ናቸውና አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ አንጣላም። ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው። ሐይቁን ከላይ እስከ አደገኛው ቦታ ያወረደው በአብዛኛው ድርቁ ነው። ከአደገኛው ቦታ በታች የጨመረው ግን በሩ ነው። መርከብ የሚቆመው ደንገልም የሚደርቀው በዚያች በመጨረሻዋ ቁራጭ ነው።

1976 ምን ይላል?

ሒሳብ ብቻ አያሳምነኝም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሌላ ማስረጃ አለ። በ1976 ክረምት የመጣውን ድርቅ ማንም አይረሳውም። የ1977ቱን ረሃብ ያመጣው እሱ ነው። በዚያ ዓመት የአባይ ፍሰት በመቶ ዓመት ውስጥ በጣም ዝቅ ካሉት አንዱ ነበር። የጣና ከፍታ ያኔም ይመዘገብ ነበር። ጨራ ጨራ ግን አልተሠራም። ሐይቁ በ1977 የ1995ቱን ያህል አልወረደም። ዝቅተኛው ሪከርድ የ1995 ነውና።

ሁለቱ ድርቆች መንትያ ናቸው ማለቴ አይደለም። የ1976ቱ የከፋው በወሎና በትግራይ ነበር፣ የጣና ተፋሰስ የራሱ ዝናብ አለው። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርድ መስጠትም ለጥናት አይበቃም። ቢሆንም “ዝናብ ነው እንጂ በሩ ምንም አላደረገም” የሚለውን ሰው ይህ ነገር ዝም ሊያሰኘው ይገባል። ደፉ በነበረበት ዘመን ያ ሁሉ ድርቅ መጥቶ ሐይቁ ያልደረሰበት ቦታ፣ በሩ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተደረሰበት።

ማን ከሰረ፣ ማን አተረፈ

ውሃው ሲሸሽ ሁሉም አላለቀሰም። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት ሰዉ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ደለል የተኛበት፣ እርጥበት የያዘ፣ ማዳበሪያ የማይለምን መሬት ነው። ሽምብራና ጓያ ያለ ዝናብ ይበቅልበታል፣ በቆሎም እንዲሁ። በ1995 በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር የሐይቅ ወለል ታርሶ ተዘራ። ድርቅ ባለበት ዓመት ለገበሬው ይህ ሲሳይ ነበር። ማን ይፈርድበታል?

ዋጋውን የከፈለው ደንገሉ ነው። ደንገል እግሩ ውሃ ውስጥ ካልሆነ አይሆንለትም። ዳሩ ሲደርቅ ከብት ይገባበታል፣ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል፣ ከዚያ ይታረሳል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ደንገሉ አብሮት አይመለስም። መሬቱ ባለቤት አግኝቷላ! ይህ ነው የአንድ ዓመት ጉድለት ለብዙ ዓመት የሚተርፈው። ከፍታው ተስተካክሎ በሰንጠረዡ ላይ “ሐይቁ አገገመ” ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ዳሩ ግን ሌላ ዳር ሆኗል።

ደንገል ጠፋ ማለት በሐይቁ ዳር ለሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የእጅ ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ታንኳ የሚሠራው ከሱ ነው። ታንኳ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ መሠራት አለበት። በየጊዜው ትኩስ ደንገል ካልተገኘ ሥራው ይቋረጣል። ዓሣውም እንዲሁ ዳሩን ይፈልጋል። ቀረሶ የምትባለው ዓሣ (ቲላፒያ) እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከአፏ ከወጡ በኋላ የሚደበቁት ዳር ዳር ባለው ሳርና ደንገል ውስጥ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ወገኖች ደግሞ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ይወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ አሉ። የወንዙ አፍ ሲጎድል መንገዳቸው ይጠባል፣ መረብ ለሚዘረጋ ሰውም ይመቻቻል።

ከዚያ 1998 መጣ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ወጡ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደንቢያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከሦስት ዓመት በፊት የታረሰው ዳር ሁሉ ውሃ ሆነ። ያኔ ደግሞ ጥያቄው ተገለበጠ፦ በሩን ለምን ቀድመው አልከፈቱትም?

ለዚህም ሒሳቧ ትሠራለች። በሰከንድ 500 ሜትር ኩብ ቢለቀቅ በቀን 43 ሚሊዮን ነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሐይቁን በ50 ሳንቲ ሜትር ለማውረድ፣ ምንም ውሃ ባይገባ እንኳ፣ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከሁሉም ወንዝ እየገባ ነው። ጨራ ጨራ ለጎርፍ ፈጥኖ የሚደርስ በር አይደለም። የጎርፉን ዓመት ውሳኔ ማድረግ ያለባችሁ ግንቦት ላይ ነው፣ ክረምቱ እንዴት እንደሚሆን ማንም ሳያውቅ። ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቃችሁ ክረምቱ ከከዳችሁ 1995ን ደገማችሁት። ከፍ አድርጋችሁ ጠብቃችሁ ዝናቡ ከበረታ 1998ን። ይህን በር የሚያንቀሳቅሰውን ሰው መሆን አልፈልግም።

ፏፏቴው

የጢስ አባይ ነገር የተለየ ጉዳይ ቢመስልም ከዚሁ ይመዘዛል። በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የነበረውን ፏፏቴ አስቡና ከ1993 በኋላ ሄዶ ያየ ቱሪስት ፊቱን አስቡ። ውሃው ከገደሉ በላይ በቦይ ይጠለፍና በተርባይን አልፎ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። 45 ሜትር ገደማ የሚወርደው ገደል ዐለቱ ይታያል።

ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር መባል አለበት። ግንቦት ላይ ፏፏቴው ድሮም ቀጭን ነበር። በሩ ሲገባ እንዲያውም በበጋ በአባይ የሚሄደው ውሃ ከድሮው በዛ። ፏፏቴው ላይ ግን አይታይም፣ ቦዩ ውስጥ ነው። የጠፋው በተለይ ከክረምት ማግስት ያለው ውበት ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ውሃው ገና ሙሉ የሆነበት ጊዜ፣ ቱሪስትም የሚመጣበት።

ከ2002 ወዲህ

በግንቦት 2002 ጣና በለስ ሲመረቅ ሥዕሉ ተለወጠ። ውሃው አሁን ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳር ተነስቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ውስጥ ሄዶ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። ጣቢያው 460 ሜጋ ዋት ነው። በአማካይ እንዲወስድ የታሰበለት በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፣ በዓመት 2.4 ቢሊዮን። ድሮ በአባይ ከሚወጣው ከስድስት አሥረኛ በላይ ማለት ነው። ጨራ ጨራ አሁን ብቸኛ መውጫ አይደለም። ሐይቁ ሁለት በር አለው፣ ትልቁ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ አይታይም።

መሐንዲሶቹ ለምን ይህን እንደመረጡ ይገባኛል። በበለስ በኩል ውሃው ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ በጢስ አባይ 45 ሜትር አካባቢ። ያው አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ስድስት ሰባት እጥፍ መብራት ይሰጣል። ውሃውም ለታች አይጠፋም። በለስ ከሕዳሴው ግድብ በላይ ከአባይ ጋር ይገናኛል። እዚያ ሌላ መብራት ይሠራል። የጢስ አባይ ጣቢያዎችን ተጠባባቂ ማድረግም የዕቅዱ አካል ነበር። ከአገር ደረጃ ሲታይ ሒሳቡ ንጹሕ ነው። የሚጎዳው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ፏፏቴው፣ የባሕር ዳር የወንዝ ዳር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐይቁ ምሥራቅና ሰሜን።

በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት አንድ ግምት አወጣ። በለስም ሆነ በወንዞቹ ላይ የታቀዱት የመስኖ ግድቦች ሁሉ ሥራ ቢጀምሩ የሐይቁ አማካይ ከፍታ በ44 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ስፋቱም በአማካይ በ30 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። በአንዳንድ ደረቅ ወራት ቅነሳው እስከ 81 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቆጋ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው ከእነዚህ መስኖዎች አንዱ ነው። መርዓዊ አካባቢ ሄዳችሁ ለውጡን ካያችሁ “ይቅር” ለማለት አፍ አይደፍርም።

44 ሳንቲ ሜትር አማካይ ነው። አስቸጋሪው ይህ ነው። አማካዩ በ44 ከወረደ 1994ን የመሰለ ክረምት ሲመጣ የሚጀምረው ከታች ነው። በ1995 በድርቁና በአደገኛው ቦታ መካከል የነበረው ክፍተት ቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው። ዓየሩ ደግሞ አያግዝም። ሙቀት ሲጨምር ትነት ይጨምራል፣ ለጣና ደግሞ ትነት ትልቁ ወጪ ነው። ትነቱ በአምስት በመቶ ብቻ ቢያድግ በዓመት ሌላ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ዝናቡ ይብዛ ይነስ የሚለው ላይ የአየር ንብረት ሞዴሎች አይስማሙም፣ ሙቀቱ ላይ ግን ይስማማሉ።

እና ምን ይሁን? ጣና በለስ ይዘጋ አልልም፣ ማንም አይሰማኝም፣ ትክክልም አይመስለኝም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ርካሽ ነው። የሐይቁ የዕለት ከፍታ ወደቡ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በሬዲዮም ይነገር። አርሶ አደሩም፣ ጀልባ ነጂውም፣ ታንኳ ሠሪውም “ዛሬ 1785.6 ነን” ብሎ ያውቅ። ውሃው ወደ 1785 ሲቀርብ ማን ስንት እየቀዳ እንደሆነ አብሮ ይነገር። ያኔ ክርክሩ ቢያንስ በተመሳሳይ ቁጥር ላይ ይሆናል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መርከቡ ቁጥር አለው፣ 1784.75። በሩ ቁጥር አለው፣ 1784 እና 1787። ደንገሉም እንዲህ ያለ ቁጥር ይውጣለት። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ የወረቀት ሥራው አልቋል። የቀረው ፎገራና ደንቢያ ዳር ሄዶ፣ በተረፈው ደንገል ሥር ውሃው በሰኔ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚቆም መለካትና ቁጥሩን በሩን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። መለኪያው አንድ ምልክት የተደረገበት እንጨት ነው። ጀልባ፣ ሁለት ሰውና የሦስት አራት ዓመት ትዕግሥት ይፈልጋል።